ልጅ ለማሳደግ አስባችኋል? የውጭ ጉዲፈቻ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነት፣ አደራ ቤተሰብ ወይስ ድጋፍ

ባለፈው ሰሞን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከሚኒሶታ። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «አንቺዬ፣ አንድ ጨቅላ ፈልጊልኝ» አለችኝ። በርበሬ አስፈጭተሽ ላኪልኝ በምትልበት ድምፅ። 16 ዓመት በትዳር ኖራለች፣ ልጅ አልሆነላትም። ሐኪም ቤቱም ጸበሉም ተሞክሯል። «እናንተ ጋ ዳር ላይ ስለሆነ መቼም የቸገራት እናት አትጠፋም» ብላ ጨመረችበት። ዳር ያለችው አባዶን ነው፣ እኔ የምኖርበትን ኮንዶሚኒየም።

በዚያው ሳምንት ታች ፎቅ ያሉ ባልና ሚስት ቡና ጠሩኝና ሌላ ጥያቄ አመጡ። ከማሳደጊያ ሕፃን ወስደው ማሳደግ ይፈልጋሉ። አንዱ ጠበቃ ያዙ ይላቸዋል፣ አንዱ ቀበሌ ብቻ ይበቃል ይላቸዋል፣ ሌላው ደግሞ «ዘሩን ከማታውቁት ልጅ የእህታችሁን ልጅ አሳድጉ» ይላቸዋል። እኔን የጠየቁኝ ቤቴ ውስጥ ያልወለድኳት ልጅ ስላለች ነው። ስለሷ እመለስበታለሁ።

ችግሩ እኛ ሁሉንም ነገር «ማደጎ» ብለን መጥራታችን ነው። የእህት ልጅ ማሳደግም ማደጎ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ መፈራረምም ማደጎ፣ ለጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም መግዛትም ለአንዳንዱ ማደጎ ነው። ሕጉ ዘንድ ግን እነዚህ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው፣ አንዱን አስበው ሌላው ውስጥ የገቡ ሰዎች አውቃለሁ። አንዷ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ልጅ ማሳደግ ያማረው ሰው ጥያቄውን የሚጀምረው ከራሱ ነው። ሴት ናት ወንድ? ስንት ወሯ ነው? መልኳስ? እኔ የምለው ከልጁ ጀምሩ ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ልጁ የጎደለው ምንድነው የሚለው ነው። ጭራሽ ማንም የለውም? ወይስ እናት አለችው፣ የሌላት ገንዘብ ነው? ወይስ እናቱ አለች ግን ሩቅ ናት፣ ታማለች፣ ታስራለች? ይሄን በትክክል ከመለሳችሁ ምርጫው ግማሽ በግማሽ አልቋል።

ከዚያ ነገ በሕግ የማን ልጅ ነው የሚባለው? ስሙን፣ ውርሱን፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የሚፈርመውን ሰው ሁሉ የሚወስነው ይሄ ነው። ቀጥሎ እስከ መቼ? ለዘለቄታው ነው ወይስ እናቱ በእግሯ እስክትቆም? ልጁ ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድስ ይኖራል? ጊዜና ብር የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ግን ከሱ ይጀምራል።

ዳር ላይ ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ከአባዶ ለገጣፎ ቅርብ ነው፣ ግን አባዶ አዲስ አበባ ነው፣ ለገጣፎ ኦሮሚያ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ያላችሁም እንደዚሁ። እኔ ከታች የምጠቅሰው የፌዴራሉን ነው። የምትኖሩት አንድ በኩል፣ መታወቂያችሁ ሌላ በኩል ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሳትጀምሩ እሱን አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለሱ ልጁ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

1. ውጭ አገር ላለ ቤተሰብ መስጠት

ይሄ በር ተዘግቷል። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለ። አዋጁ ቁጥር 1070/2010 ነው። የአክስቴ ልጅ ፓስፖርቷ አሜሪካዊ ስለሆነ «ጨቅላ ፈልጊልኝ» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ግን ለምን እንደተዘጋ ማወቁ ሌሎቹን መንገዶች ለመመዘንም ስለሚጠቅም ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደዋል። አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ሕፃን ስትወስድ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች አሜሪካ ገቡ። ኤጀንሲው በዛ፣ ገጠር ድረስ የሚዘልቅ ደላላ በዛ፣ በሕይወት ያለች እናት ወረቀት ላይ ሞታለች ተብሎ የተጻፈበት ጊዜም ነበር። መጋቢት 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) ላይ መንግሥት በቀን እስከ 50 ያይ የነበረውን ፋይል ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከኢትዮጵያ የሄደች አንዲት ልጅ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባልና ሚስቱ ተፈረደባቸው። ፓርላማ ላይ እገዳው ሲጸድቅ የተነሳውም ይሄው በልጆቹ ላይ የሚደርሰው በደልና የማንነት ቀውስ ነበር።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የቃሉ ነገር ነው። ጉዲፈቻ የኦሮምኛ ቃል ነው፣ ከማሳደግ የመጣ። እኛ ዘንድ ልጅ ሰጠ ማለት ዘመድ አበዛ ማለት ነው። ልጁ እናቱን ያውቃል፣ በዓል ሲሆን ይጠይቃታል፣ ሲያድግ ይጦራታል። ሕጋችንም ይሄንኑ ይዟል፦ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ግን ያሳደገው ቤተሰብ ይቀድማል። አሜሪካ ያው ፊርማ ዝምድናውን ይቆርጠዋል። የወለደችው እናት በሕግ ባዳ ትሆናለች። እናትየው «ተምሮ ይመጣልኛል» ብላ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፣ ያኛው ቤተሰብ «ልጃችን ሆነ» ብሎ ወሰደ። ሁለቱም አልዋሹም ይሆናል። ደላላው መሃል ሆኖ ዝም አለ እንጂ።

«የዘመድ ልጅ ከሆነስ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ እዚያ ቪዛ አይሆንም። አሜሪካ በተለመደው የቤተሰብ ማመልከቻ የማደጎ ልጅ ለመውሰድ ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ያለቀ መሆን አለበት፣ በዚያ ላይ ልጁን ሁለት ዓመት በሕግ ማሳደግና ሁለት ዓመት አብሮ መኖር ይጠየቃል። ስለዚህ «አንቺ ወረቀቱን ጨርሺልኝ፣ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ» የሚል ዘመድ ካላችሁ ሥራውን ትቶ ሁለት ዓመት አያት ሰፈር ቤት ተከራይቶ ይቀመጥ እንደሆነ ጠይቁት። ወጪውም ቀልድ አይደለም፤ አሜሪካኖች ከሌላ አገር ልጅ ሲያሳድጉ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር ያወጣሉ።

ዛሬም «መንገድ አለኝ» የሚል ደላላ ቢመጣ ስልኩን ዝጉት። ልጅ ላይ ገንዘብ ከተነካካ ስሙ ሽያጭ ነው።

2. የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ

ልጁ ማንም ከሌለው ከዚህ የተሻለ የለም። ታች ፎቅ ላሉት ጎረቤቶቼም ያልኳቸው ይሄንን ነው።

የሚጠየቀው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት ይሙላው፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ከሁለት አንዳችሁ ከሞላችሁ ይበቃል። ያገባ ሰው ግን ብቻውን አይፈርምም፣ ሁለታችሁም ትስማማላችሁ፤ የትዳር ጓደኛን ልጅ ማሳደግ ሲሆን ነው ይሄ የሚቀረው። ያላገባች ሴት ብቻዋን ማሳደግ ትችላለች። የራስ ልጅ መኖሩ አይከለክልም። ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ወላጆቹ ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ስምምነቱ ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ባዶ ወረቀት ነው። ቀበሌ ሦስት ምስክር አቁሜ ተፈራርሜያለሁ ያለኝ ሰው አለ። ምስክሮቹ መልካም ሰዎች ናቸው፣ ወረቀቱ ግን ጉዲፈቻ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ መነሻው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ነው። ከተማው ክበበ ፀሐይን ለትንንሾቹ፣ ቀጨኔን ለሴቶች፣ ኮልፌን ለወንዶች አድርጎ የሚያስተዳድራቸው ማሳደጊያዎች አሉት። የግል ማሳደጊያም ልጅ መስጠት ይችላል፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል እያወቀው። ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታችሁ ይመጣል። ጎረቤቶቼ ለዚያ ቀን ብለው መጋረጃ ቀየሩ፣ ሶፋ ተዋሱ። ሴትዮዋ መጋረጃውን ቀና ብላም አላየችው። የጠየቀችው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ሁለታችሁም ሥራ ስትሆኑ ማን ጋር እንደሚውል፣ ባልየው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ነው። ባልየው እስከ ዛሬ ሦስተኛውን ጥያቄ ያነሳታል።

አንዴ ከጸደቀ ልጁ ልጃችሁ ነው። ከወለዳችሁት እኩል ይወርሳል። «አልተስማማንም» ብሎ መመለስ የለም። ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዝ፣ ለብልግና ሲዳርግ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲያሳድገው ነው። ስለዚህ ባልየው እያመነታ ሚስት ጎትታው የምትሄድ ከሆነ አትሂዱ።

አማት የሚያስቸግርበት ቤት ካለ ደግሞ ይሄንን እወቁ፦ የአሳዳጊው ወላጆችና ዘመዶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙ ዝምድናው እነሱን አይነካም፤ ተቃውሞው ግን ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት። በዓል ላይ ማጉረምረም ብቻውን ተቃውሞ አይባልም።

ውሳኔው በእጃችሁ ሲገባ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ጉዲፈቻውን አስመዝግቡ፣ እንደ ልደትና ጋብቻ ሁሉ ይመዘገባል። ወጪው የሚበዛው ከፍርድ ቤቱ በኋላ ነው። ሕፃን ከሆነ የዱቄት ወተቱን አስቡት፤ አንዱ ቆርቆሮ አራት ቀንም ላይሄድ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 120 ቀን የሚሰጠው ለወለደች እናት ስለሆነ ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለልጁ መንገር አለብን ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ፣ ገና በትንሽነቱ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ስንት ሽንኩርት እንደከተፈ እንኳን ይታወቃል። እናንተ ካልነገራችሁት ደረጃ ላይ የሚጫወት ጓደኛው ይነግረዋል።

3. የዘመድ ልጅ፣ በሞግዚትነት

አሁን ወደኔ ቤት። የባለቤቴ እህት ቤይሩት ስትሄድ ልጇን የሁለት ዓመት አድርጋ ትታልን ሄደች። አባቷ አይታወቅም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አልን፣ ወሰድናት፣ ወረቀት የሚባል ነገር ትዝም አላለን።

አምስት ዓመቷ ላይ አንድ ሌሊት ጉሮሮዋ አብጦ መተንፈስ አቃታት። በላዳ አንድ ሐኪም ቤት ደረስን። ነርሷ ቅጹን አውጥታ «እናት ነሽ?» አለችኝ። አይደለሁም አልኩ። «አባት?» ባለቤቴን እያየች። አጎት ነኝ አለ። ቅጹን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስልኬን ከፍ አድርጌ ኢሞ እደውላለሁ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እናትየው የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ድምፅዋን ቀንሳ «እሺ በሏቸው፣ እሺ ብያለሁ» እያለች ታለቅሳለች። ዶክተሩ ወጥቶ ስክሪኑን አየና «ይበቃል፣ አስገቧት» አለ። ደግ ሰው ገጠመን። ሕግ ግን አልነበረንም።

እኛ ያስፈለገን ጉዲፈቻ አልነበረም። ልጅቷ እናት አላት፣ በየወሩ ብር የምትልክ፣ በየእሑዱ የምትደውል እናት። የጎደላት አጠገቧ ሆኖ የሚፈርምላት ሰው ነው። እናትየው ከቆንስላ ውክልና ላከች፣ ያንን ይዘን ፍርድ ቤት ሄድን። ሞግዚት ስል ደግሞ በወር ደሞዝ ሕፃን የምትይዘውን ማለቴ አይደለም። በሕጉ አሳዳሪ ልጁን የሚንከባከበው ነው፣ ሞግዚት ንብረቱንና በሕግ ፊት የሚወክለውን ጉዳይ የሚይዘው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ወላጆች ሞተው ኑዛዜም ከሌለ ሕጉ ራሱ ተራ አለው፦ አያቶች፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ እህት ወንድሞች፣ ከዚያ አክስትና አጎት።

ልብ በሉ፣ በሞግዚትነት ያደገ ልጅ እናንተን አይወርስም። ቤታችሁ እንዲደርሰው ከፈለጋችሁ ኑዛዜ ጻፉ፣ ወይም ወላጅ ከሌለው ወደ ጉዲፈቻ ሂዱ። ያሳደጉት ሳይናዘዙ ሞተው ወንድሞቻቸው ከግቢ ያስወጡት ልጅ እዚሁ ሰፈር አለ። 14 ዓመት «አባባ» ሲላቸው የኖረ።

4. አደራ ቤተሰብ

ፎስተር የሚሉትም አሉ። ልጁ ዘመዶቹ እስኪገኙ፣ ወይም እናቱ እስክትድን ወይም እስክትፈታ ቤታችሁ ይቆያል። ስሙ አይቀየርም፣ አይወርስም፣ ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል። ልብን የሚፈትነውም መሄዱ ነው። ልጅ ስላልሆነላቸው ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች በዚህ በኩል ባይገቡ እመርጣለሁ፤ ልጁ ሲሄድ ሁለተኛ ሐዘን ይሆንባቸዋል። ልጆቻቸው ያደጉላቸው፣ ቤታቸው ጭር ያለባቸው እናቶች ግን ለዚህ ነገር የተፈጠሩ ናቸው።

5. ልጁን እናቱ ጋ እንዳለ መደገፍ

ስለዚህኛው ማንም አይጠይቀኝም። የአክስቴ ልጅ «የቸገራት እናት» ያለቻት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድላት የቤት ኪራይና ወተት ነው። ልጇን ለመስጠት የተነሳችው እሱን ስላጣች ከሆነ፣ ልጁን መውሰድ ችግሩን አይፈታም፣ እናት የሌለው ልጅ ይጨምራል እንጂ። እዚህ ብሎክ ሥር እንጀራ እየጋገረች መንታ የምታሳድግ ሴት አለች። ምጣዷ የተቃጠለ ሳምንት ልጆቹን ለሰው ልትሰጥ አስባ ነበር። አዲስ ምጣድ ተገዛላት፣ አለቀ።

ወረቀት አይጠይቅም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ ሲያቅታችሁም አስቀድማችሁ ነግራችሁ ማቆም ትችላላችሁ። ልጁ «እማዬ» አይላችሁም። ይሄ የሚከብዳችሁ ከሆነ ያው ፍላጎታችሁ ሌላ ነው፣ ነውርም የለበትም፣ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገድ | ልጁ የጎደለው | በሕግ የማን ልጅ | ይወርሳችኋል? | እስከ መቼ | ጣጣና ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የውጭ ጉዲፈቻ | — | — | — | ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል | የሚያስከፍላችሁ ካለ አታላይ ነው |
| የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ | ማንም የለውም | የእናንተ | አዎ | ለዘለቄታው | ቢሮ፣ የቤት ጉብኝት፣ ፍርድ ቤት፤ ከዚያ ሙሉ ማሳደጊያ |
| ሞግዚትነት | አጠገቡ የሚፈርምለት ሰው | የወላጆቹ | በኑዛዜ ብቻ | እስከ 18 ዓመት ወይም ወላጅ እስኪመለስ | ፍርድ ቤት፤ ማሳደጊያው ከዘመድ ጋር ይከፈላል |
| አደራ ቤተሰብ | ለጊዜው ማረፊያ | የወላጆቹ | አይወርስም | እስኪመለስ | የቢሮ ክትትል፤ መለያየቱ ይከብዳል |
| ድጋፍ | ገንዘብ | የእናቱ | አይወርስም | እስከቻላችሁ | ወረቀት የለም፤ እንደ አቅም |

የቱ ለማን

ልጅ ያልሆነላችሁና ሁለታችሁም የቆረጣችሁ ከሆናችሁ፣ ጉዲፈቻ። «ከስድስት ወር በታች ብቻ» አትበሉ። ጎረቤቶቼ እንደዚያ ብለው ጀምረው አሁን አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ እየጠየቁ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ሲመለሱ ባልየው እጁ ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ ሰዓት ነበረ፣ እስከ ማታ አልታጠበውም።

ደሞዛችሁ ከቤት ኪራይ የማይተርፍ ከሆነ ሕፃን ለመውሰድ አትቸኩሉ። በወር ከአንድ እናት ጋር የምትካፈሉት ትንሽ ብር ይበልጣል።

ቤታችሁ ውስጥ የዘመድ ልጅ ካለና ወረቀት ከሌላችሁ፣ ማሰቡን ተዉትና ወደ ሥራው ግቡ። እናት ወይም አባት ውጭ ከሆኑ ውክልናው ዛሬውኑ ይላክ። እኔ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ የተማርኩትን እናንተ ቁጭ ብላችሁ ተማሩት።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ ልጅ ማሳደግ ካሰባችሁ የምትኖሩበት አገር ውስጥ ያለውን መንገድ ጠይቁ። ወደዚህ የሚላክ ብር ካለ ደግሞ ልጁን ሳይሆን እናቱን ፈልጉ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ሁለት ሳምንት አልደወለችም። አሁን የመንቶቹን ኪራይ ትከፍላለች፣ እዚያም ለፎስተር ተመዝግባለች። ፎቷቸውን ላኪልኝ እያለች ታስቸግረኛለች፤ እኔ እናትየውን ሳላስፈቅድ አልክም።

ወደ ቢሮ የምትሄዱ ሰዎች፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀትና የገቢ ማስረጃ ኦሪጅናልና ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ኮፒውን ከሰፈር አንሱ። እዚያ አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ሲጠፋ ይዘጋል፣ መብራቱ ደግሞ የሚጠፋው እናንተ በሄዳችሁበት ቀን ነው።